ለእናት ሲኒ የነፈግን ሰዎች

ወገኖቼ፣ የባሕር ዳር ልጆች፣ ዛሬ የምጽፈው አያስደስታችሁም። ቅር የሚለው ቅር ይበለው። ለስለስ አድርጌ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። እንደመጣልኝ እናገረዋለሁ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ነው፣ ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ስር የጀበና ቡና ከሚጠጣባቸው ቦታዎች በአንዱ። ቦታውን አልጠራም። ቡና የምታፈላውንም ልጅ አልጠራም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰባት ስምንት ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጠናል። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ወሬው የተለመደው ነው፦ ኑሮ ውድነት፣ የመብራት መጥፋት፣ የነዳጅ ሰልፍ፣ የፍትሕ መጥፋት።

አንዲት እናት መጡ። ስድሳን የተሻገሩ ይመስለኛል። በጀርባቸው የተጠቀለለ ሰሌን አዝለዋል፣ በእጃቸው ትንንሽ ሙዳዮች በገመድ አንጠልጥለዋል። ከጎናቸው የልጅ ልጃቸው አለ፣ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰ። ነገደ ወይጦ ናቸው። የጣና ሐይቅ ሰዎች። እንግዳ ፍለጋ ነው የመጡት፤ ነገር ግን ሰላሙ ከደፈረሰ ወዲህ ቱሪስቱ የት አለ? ማንም ምንም አልገዛቸውም። ሸክማቸውን አወረዱና ከሁላችንም ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ባዶ በርጩማ ነበረ እኮ። ራቁ ያላቸው ሰው የለም። የት መቀመጥ እንዳለባቸው ድሮ ነው የነገርናቸው።

"ልጄ፣ አንድ ቡና" አሉ።

ልጅቱ ቀዳች። በሲኒ። ስኳር ጨመረች፣ ተነስታ ሄደች፣ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ለማንኛችንም እንደምታደርገው። እናትየዋ ተቀበሉ። ገና አፋቸው ጋ አላደረሱትም።

ከመሀላችን አንዱ ጮኸ። ጎልማሳ ነው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ። ስለ ፍትሕ መጥፋት ሲያወራን የነበረው እሱ ነው፣ ደግሞም ጥሩ ነበር የሚያወራው። "አንቺ!" አለ። "ለሷ በሲኒ ነው እንዴ የምትሰጫት? ከዚህ በኋላ እኛ በምን ልንጠጣ ነው?"

ልጅቱ ክው አለች። "ውይ፣ አላስተዋልኩም ጋሼ" አለች። ሄዳ ሲኒውን ከእናትየዋ እጅ መልሳ ወሰደች። ከዕቃ ማጠቢያዋ ጎን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ነበር፣ ሃይላንድ የምንለው። በቢላ ከወገቡ ቆረጠችው፣ ቡናውን እዚያ ውስጥ ገለበጠችና ሰጠቻቸው። ፍል ቡና ነው። ፕላስቲኩ ወዲያው ተኮማተረ፣ ወደ አንድ ጎኑ ዘመመ። ጣት ስለሚያቃጥል በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ተቀበሉት። "እሺ ልጄ፣ ግድ የለም" አሉ። አልተቆጡም። አልተገረሙምም። ይህቺ "ግድ የለም" እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናልባት እኔም እንደሌላው ቀን አልፈው ነበር። አላበቃም። ሰውዬው ሲኒውን ከልጅቱ እጅ ተቀበለና ከኋላው ያለ ድንጋይ ላይ ወርውሮ ሰበረው። "ሂሳቡን እኔ ላይ አድርጊው" አለ። ሁለት ሰዎች ሳቁ። የቀሩት ስልካቸውን ማየት ጀመሩ።

ተነሳሁ። ተጨቃጨቅን። ምን እንዳልኩት መዘርዘር አልፈልግም፣ እሱ ያለኝን ግን ልንገራችሁ። "ባህላችን ነው። አንተ ደግሞ ምን ቤት ነህ?" አለኝ።

እኛ እዚያ ስንጯጯህ እናትየዋ ምን ሲያደርጉ ነበር መሰላችሁ? ሲኒው ወደተሰበረበት ሄደው፣ ጎንበስ ብለው፣ ስብርባሪውን ይለቅሙ ነበር። ልጁ ሊያግዛቸው እጁን ሲሰድ መለሱት፤ "ተው፣ ይቆርጥሃል" አሉት። ልጅቱ ደንግጣ "ይተዉት እማማ፣ እኔ አነሳዋለሁ" አለቻቸው። "ሰው በባዶ እግሩ ያልፋል እኮ ልጄ" አሉ። ለቅመው ጨረሱ። ቡናውን መሬት ላይ ደፉት፣ ስብርባሪውን በዚያው በተኮማተረ ፕላስቲክ ውስጥ ጨምረው ዳር አስቀመጡት። ከመቀነታቸው ሃያ ብር ፈተው ረከቦቱ ጎን አደረጉ። ሙሉ ሂሳብ። ሰሌናቸውን አዘሉ፣ የልጁን እጅ ያዙ፣ ሄዱ።

ይኸው ነው። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልደማም። ፖሊስ የሚጠራበት ነገር አይደለም፣ ዜናም አይሆንም። እኔ ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

እስቲ ንገሩኝ፣ በዚያ ጥላ ስር ስለ ሰው ያሰበ ማን ነበር? ስለማያውቁት መንገደኛ እግር የተጨነቁት እኚያ፣ ሰው አይደሉም ያልናቸው ናቸው። ያ እግር የኛ የልጆቻችን እግር ነው። ሐይቁ ዳር ጫማ አውልቆ የሚሯሯጠው የማን ልጅ ሆነና?

"ባህል ነው" አለኝ። እሺ፣ እንነጋገርበት።

ምክንያቱ ምንድነው ስትሉ የሚነገራችሁ አንድ ነገር ነው። ጉማሬ ይበሉ ነበር ይባላል። አዎ፣ የድሮዎቹ አዳኞች ነበሩ። ዛሬ ጣና ላይ ጉማሬ የሚያድን ወይጦ አሳዩኝ። ያ ኑሮ ካለፈ ዘመን ሆኖታል። ቋንቋቸው እንኳን ጠፍቶ አፍ መፍቻቸው የኛው አማርኛ ነው። ደግሞስ ቢበሉስ? እኛ ጥሬ ሥጋ በቢላ እየቆረጥን የምንበላ ሕዝብ፣ ሌላው በበላው ነው እጁን የምንጸየፈው?

ይልቅ እነሱ የሠሩትን ሳንጸየፍ እንዴት እንደኖርን ልንገራችሁ። አያቶቻችን እህል የፈጩበትን ድንጋይ ወፍጮ የጠረቡት እነሱ ናቸው። ዱቄቱን በልተናል። ከሐይቁ የሚያወጡትን ቀረሶና አምባዛ እናስጠብሳለን፣ በእጃችን ፈልቅቀን እንበላለን፤ ያጠመደው እጅ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሞተር ጀልባ ሳይመጣ በፊት ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሰውም እህልም የሚሻገረው በደንገል ታንኳ ነበር። የታንኳው ባለሙያዎች እነሱ ናቸው። አሁንም ከዘጌ እንጨት የሚጫነው በዚያው ታንኳ ነው። ሆቴሎቻችን ግድግዳ ላይ፣ ቲሸርት ላይ፣ ፖስተር ላይ፣ የከተማችን መልክ ብለን የምንለጥፈው ታንኳውን ነው። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ልሻገር ብሎ ሲነሳ ደንገሉ የታጨደው ከጣና ነበር፤ ተጭኖ ግብፅ ድረስ ሄደ። ዓለም ስለዚህ ሣር ሲነጋገር፣ እኛ ሣሩን አስሮ ውሃ ላይ የሚያቆመውን ሰው ሲኒ ከለከልነው።

እግዚአብሔርን የምትጠሩ ሰዎች፣ እናንተን በተለይ ነው የምላችሁ። ማተብ ያሰረው ሰውዬ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ አልጠራጠርም። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ሲነበብ ሳይሰማ አይቀርም። ጌታ ደክሞት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀመጠ። ቀትር ነው። ውሃ ልትቀዳ የመጣችውን ሳምራዊት "ውኃ አጠጪኝ" አላት። ሴትየዋ ደነገጠች፤ አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩምና። ከማን እንስራ ሊጠጣ ነው? የለመነው እሱ ነው፣ የሚጠጣውም ከሷ ዕቃ ነው። ይህን ሰምተን፣ አሜን ብለን፣ ተሳልመን እንወጣለን፤ ከዚያ ሐይቁ ዳር ሄደን ሲኒ እንሰብራለን።

እስላም ወንድሞቼም እህቶቼም ከዚህ ነጻ አይደላችሁም። እነዚህ ሰዎች ሙስሊሞች ናቸው። ቁርኣኑ አላህ ዘንድ ይበልጥ የከበረው ይበልጥ የሚፈራው ነው ይላል፤ ዘሩን አይጠይቅም። አንዳንዶቻችሁ ግን ሶላታቸውን እየተጠራጠራችሁ፣ አብራችሁ ማዕድ መቅረብን እየሸሻችሁ ኖራችኋል። በዚህ ነገር ላይ ክርስቲያኑና እስላሙ ተስማምቷል። ልንስማማባቸው የሚገቡ ስንት ነገሮች እያሉ!

የሕግ ያለህ የሚል ካለ ደግሞ ሕጉ አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጁ ሙያ እየጠሩ መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል፤ ቀጥቃጩም ሸማኔውም እንዳይሰደብ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰውን ክብር፣ በአንቀጽ 25 እኩልነትን ይናገራል። ከተማችንም እ.ኤ.አ. በ2002 ከዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማት ወስዳለች። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል፣ ሐይቁና በዙሪያው የሚኖረው ሰው ተስማምተው እንዲኖሩ ተብሎ። ይህ ሁሉ ወረቀት የሃያ ብር ቡና በሲኒ ሊያስጠጣ አልቻለም። ጥፋቱ የወረቀቱ እንዳይመስላችሁ።

አሁን የሚያመውን ልናገር። እኛ በማንነታችን ተለይተን ተገፋን፣ ተፈናቀልን፣ ተገደልን ብለን የምናለቅስ ሕዝብ ነን። ለቅሷችን እውነት ነው። ከወገኖቻችን መሀል በአንድ ሌሊት ቤቱን ጥሎ የመጣ፣ ልጁን ቀብሮ የመጣ አለ። እኔም አልቅሻለሁ። ሰው በተወለደበት መለየት ምን ማለት እንደሆነ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አስብ ነበር። ያን ዕለት የደነገጥኩት ለዚህ ነው። የቀመስነው ግፍ አላስተማረንም። ለካ የጮኽነው ግፉ እኛ ላይ ስለደረሰ ብቻ ነው? ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ስሕተት ነህ በሉኝ፣ ደስ ይለኛል።

መርህ አለኝ የማይል ሰው የለም። ፌስቡክ ከፍታችሁ እዩ፤ ሁሉም ስለ ሰብዓዊነት ይጽፋል። መርህ ግን በጩኸት ጊዜ አይለካም፤ ሁሉም በሚጮኽበት መጮኽ ምን ይከብዳል? የሚለካው አንድ ሰው ላይ በደል ሲደርስ፣ በዳዩ ወዳጅህ ሲሆን፣ ተበዳዩ ምንም የማይጠቅምህ ሲሆን፣ ተናግረህ የምታተርፈው መጠላት ብቻ ሲሆን ነው። በዚያ ሰዓት ስልኩን ያየ ሰው፣ ለሌላው ሁሉ የጻፈውን ደግሞ ያንብበው።

ስለ ልጅቱ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ቦታውንም እሷንም ያልጠራሁት፣ ሰው ሄዶ እንዳይሰድባት ነው። ቀን ሠርታ ቀን የምትበላ ልጅ ናት። ደንበኛ ቢሸሻት ማታ የምታገባው የለም። ጥፋት የለባትም አልልም፤ የሰውን ሲኒ ከእጁ መንጠቅ ጥፋት ነው። ግን አስቡት፣ መጀመሪያ ሳታስብ ያደረገችው ትክክሉን ነበር። ቀድታ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ሰጥታለች። እናቷ ያሳደገቻት እንደዚያ ነው። የተበላሸው የኛ ድምፅ ሲሰማ ነው። አሁን እሷ ሌላ ነገደ ወይጦ ሲመጣ ፕላስቲክ ታዘጋጃለች። አስተማሪዎቿ እኛ ነን፣ ደንበኞቿ፣ ጋሼ የምትለን።

ልጁስ? ከትምህርት ቤት የመጣው ልጅ? ያን ዕለት ጠዋት ክፍል ውስጥ ምን እንደተማረ አላውቅም። ከሰዓት የተማረውን ግን አይቻለሁ። ወደ እናንተ ልጆች ልምጣ። ማታ ስትገቡ ጠይቋቸው፤ ክፍልህ ውስጥ የወይጦ ልጅ አለ? ከማን ጋር ነው የሚቀመጠው? ምሳውን ከማን ጋር ነው የሚበላው? ስሙን ታውቀዋለህ? መልሱን ስትሰሙ ልጃችሁን አትቆጡት። ከየት እንደሰማው ታውቃላችሁ። እኔንም ጨምሮ ሁላችንም ሕፃን ሆነን፣ አፋችን ገና ሳይፈታ የሰማነው ነው፤ ተቆጥተው "እንደ ወይጦ አትሁን" ሲሉን።

ሌላም ሌላም ማለት ይቻላል። ባጃጅ ሰው ሲገጭ ከማንሳት በፊት የሚቀርጸው ሰው አለ። ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ ላይ የአንዲት ክፍል ኪራይ እጥፍ የሚያደርግ አለ። በዚያ ላይ ሐይቁ ዳር ሆቴልና መዝናኛ በተሠራ ቁጥር የነዚሁ ሰዎች ጎጆ ወደ ኋላ እየተገፋ ነው፤ ደንገሉም እየመነመነ። እሱ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ዛሬ ግን ከሲኒዋ መራቅ አልፈልግም። ትልቅ ትልቁን ስናወራ ትንሿን የምናመልጣት ይመስለኛል፤ ሰው ሰው መሆኑን የሚያውቀው ደግሞ ቡና ሲሰጡት፣ ጎን ተጠጋ ሲሉት፣ ሲሞትበት ቀብር ሲደርሱለት ነው። ስንቶቻችን ነን የወይጦ ለቅሶ ደርሰን የምናውቅ? በዕድራችሁ መዝገብ አንድ የወይጦ ስም ፈልጉ እስቲ።

ምን እናድርግ ለምትሉ፣ የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ቡና በምትጠጡበት ቦታ ለምታፈላው ልጅ አንድ ጊዜ ንገሯት፤ "ማንም ቢመጣ በሲኒ ስጪ፣ እኛ አንሄድብሽም" በሏት። በቃ። ከዚያ በኋላ የሚሄድ ይሂድ። ቀሳውስት አባቶቻችን፣ ሼኾቻችን፣ ይህንን ጉዳይ በስሙ ጠርታችሁ አንድ ቀን አስተምሩበት። በደፈናው "እንዋደድ" ስትሉ ሁሉም አሜን ይላል፣ ማንም ራሱን አያይም። መምህራን፣ ወንበሮቹን ቀላቅሉ።

ብዙ እጠብቃለሁ ብዬ አልዋሽም። ደክሞኛል። ይህን ጽሑፍ አንብቦ "እውነት ነው፣ ያሳዝናል" ብሎ የሚያልፈው ይበዛል። "አገር እየነደደ ስለ ሲኒ ትጽፋለህ?" የሚለኝም አይጠፋም። ለሱ መልሴ፣ ሰው እንደ ሰው ካልተቆጠረ ቆይተን የምናድነው አገር የቱ እንደሆነ አልገባኝም የሚል ነው።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁና ላብቃ። ከቀናት በኋላ ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ ወጣት አስቆመኝ። ያን ዕለት ከኛ ጋር ተቀምጦ ስልኩን ሲያይ የነበረ ነው። "ልክ ነበርክ" አለኝ።

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"አፈርኩ" አለ።

"ማንን?"

ቆም ብሎ አሰበ። "አላውቅም" አለኝ። "ሁሉም ዝም ሲል..."

አልተቆጣሁትም። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር እውነተኛ ነበር። ትንሽ አወራን። በሚቀጥለው እናገራለሁ አለኝ፤ ድምፁ ግን እርግጠኛ አይመስልም ነበር። እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ እሱን ሰው እያሰብኩ ትንሽ ቀለል ይለኛል። ከስምንታችን መሀል እንቅልፍ ያጣው እኔ ብቻ አልነበርኩም ማለት ነው። ይህን የምታነቡ መሀልም እንደሱ ዝም ብላችሁ፣ በኋላ ሲከነክናችሁ የቆየ ትኖራላችሁ። የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ሲኒ ለሰበረው ሰውዬ የምለው ጨርሻለሁ፤ እናንተን ግን እጠብቃለሁ።